በባሕር የመጡ ሽማግሌዎች

ፑንታ ሴካ ላይ ያለው ሐውልት ብዙ የሚያስገርም ነገር የለውም። ከውሃው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ቁመቱ ከረጅም ሰው የማይበልጥ ግራጫ ድንጋይ ቆሟል። ወደ ባሕር በዞረው ፊቱ ላይ የመርከብ ሥዕል ተቀርጿል። ከሥዕሉ በታች ያለው የነሐስ ሰሌዳ፣ ከአውሮፓውያን ሁሉ መጀመሪያ ይህን ዳርቻ የረገጠው ካፒቴን ባልታሳር ዴ ሮያስ እንደ ሆነ፣ ውሃ እንደ ቀዳና ባንዲራ እንደ ተከለ ይናገራል። ዓመተ ምሕረቱ በተጻፈበት ጥግ ላይ የባሕር ወፎች መቆም ስለሚወዱ፣ ቁጥሩ ታጥቦ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው።

ሰሌዳው የማይናገረውን የሚናገረው ጋሽ ጳውሎስ ነው።

ጋሽ ጳውሎስ አዲስ አበባ ሳለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ሎስ አንጀለስ ከመጣ በኋላ መኪና የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሐውልቱ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ነው። ሐውልቱን የሚንከባከበው ማኅበር ሰማያዊ ሰደርያ፣ ስሙ የተጻፈበት ባጅና ሰፊ ባርኔጣ ሰጥቶታል። ንግግር አጥንቶ እንዲናገርም ወረቀት ሰጥቶት ነበር። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አንብቦ ታሪኩ ጉድለት እንዳለበት ስላየ የራሱን ንግግር አዘጋጀ።

"የካፒቴኑ ጥፋት መምጣቱ አይደለም" ይላቸዋል ጎብኚዎቹን። "ሰው ይመጣል። ጥፋቱ አመጣጡ ነው። እዚህ ሰዎች ነበሩ፤ ዓሣ ይጠብሱ ነበር። በኛ አገር በሰው ደጅ ትልቅ ጉዳይ ያለው ሰው ራሱ ዘው ብሎ አይገባም። ሦስት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ቆመው ይናገራሉ። 'ተቀመጡ' ሲባሉ 'ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም' ይላሉ። ባለቤቱ ደግሞ 'ላስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ' ይላል፤ እሺ ሊል እንኳ ቢፈልግ መጀመሪያ እንደዚያ ይላል። ይሄ ሰውዬ ግን ጫማውን ሳያራግፍ ገባ።"

ጎብኚዎቹ ይስቃሉ። ከድንጋዩ ይልቅ ከጋሽ ጳውሎስ ጋር ፎቶ ይነሣሉ።

በዚህ ሁሉ አንድ እንከን አለ። ጋሽ ጳውሎስ የሚኖረው ከባሕሩ ርቆ ቫን ናይስ ነው፤ ፍሪዌይ ላይ ደግሞ አይነዳም። አንድ ጊዜ ገብቶ መውጫው አምልጦት፣ የሚቀጥለውም አምልጦት፣ በመጨረሻ የወጣው ሌላ ከተማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታደርሰው ልጁ ዶርቃ ናት። እናቷ ካረፈች ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዶርቃ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ አባቷ ሲያስጎበኝ እሷ በሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጣ የታካሚዎቿን ሪፖርት ትጽፋለች። ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው ዓሣ በበርገር ዳቦ ይበላሉ።

እንግዲህ ይህችን ዶርቃን ዮአብ ሊያገባት ፈለገ።

ዮአብ ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገ የውሃ መስመር መሐንዲስ ነው። ከዶርቃ ጋር የተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መዘምራን ሳሉ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፤ የማይሰማው ቀልድ ብቻ ነው። ጋሽ ጳውሎስ ጋ ስልክ የደወለ ዕለትም ቀልድ አልነበረውም።

"ሄሎ ጋሼ፣ ዮአብ ነኝ። ፍሪ ነህ?"

"ለምን ነገር?" አለ ጋሽ ጳውሎስ፣ "ነህ" መባሉን በልቡ እየመዘገበ።

"ሶ... ዶርቃን ማግባት እፈልጋለሁ። ለሪስፔክት ፐርሚሽን ልጠይቅህ ብዬ ነው።"

"በስልክ?"

"ድራይቭ እያደረግኩ ነው። ግን ሃንድስ ፍሪ ነው፣ ዶንት ወሪ።"

ጋሽ ጳውሎስ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው፤ መልሶ ለጠፈው።

"ልጄ፣ አንተ እኮ ካፒቴኑ ነህ።"

"የቱ ካፒቴን?"

"የሐውልቱ። ሳትልክ ገባህ።"

"ኦኬ። ሶ፣ ካፒቴኑ ምን ማድረግ ነበረበት?"

እዚህ ላይ ጋሽ ጳውሎስ ዝም ቢል ይሻል ነበር። ግን መምህር ነበርና ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

"ካፒቴኑማ እሱ መርከቡ ላይ ይቀር ነበር። ሦስት ሽማግሌ በጀልባ ይልክ ነበር። ሽማግሌዎቹ ውሃው ዳር ቆመው፣ 'ግቡ' እስኪባሉ ይጠብቁ ነበር። እንደዚያ ቢመጡ ድንጋዩ ጋ ቆሜ እኔ ራሴ እሰማቸው ነበር።"

"ሦስት ሽማግሌ፣ በጀልባ፣ ድንጋዩ ጋ" አለ ዮአብ ቀስ ብሎ፣ የሚጽፍ ይመስል። "ኦኬ፣ ጋት ኢት። ቴንክ ዩ ጋሼ።"

ጋሽ ጳውሎስ ማታ ላይ ለዶርቃ እየሳቀ ነገራት። ዶርቃ አልሳቀችም።

"አባዬ፣ ዮአብ ቀልድ አይገባውም። እትዬ ወርቅውሃ ቤት ጠርተውት 'እንደ ቤትህ ቁጠረው' ሲሉት ተነሥቶ ሳህን ያጠበ ሰው ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርገው?"

"እሺ ወይ እምቢ በለው። አንተ እሺ ሳትል አላገባም ብዬዋለሁ። ለአንተም ያው ነው የምልህ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ አልጠብቅህም።"

"ይታሰብበታል።"

"ምኑ ነው የሚታሰበው? ልጁን ትወደዋለህ እኮ።"

እውነት ነው፤ ይወደዋል። ጋሽ ጳውሎስ ለማንም ያልተናገረው ነገር ሌላ ነው። ሁለቱ ከተጋቡ ፒኮ ሮበርትሰን ቤት ሊከራዩ አስበዋል፤ ለዶርቃ ሥራ ይቀርባል። ከፒኮ ሮበርትሰን ቫን ናይስ፣ ከቫን ናይስ ፑንታ ሴካ፣ ከዚያ ደግሞ መልስ፤ ይህን መንገድ በካርታ ላይ ደጋግሞ አይቶታል። አንዲት አዲስ ሙሽራ ቅዳሜዋን ለዚህ ትሰጣለች ብሎ ለማሰብ የሚያስችል ነገር ካርታው ላይ አላገኘም። ስለዚህ ነገሩን "ይታሰብበታል" በሚል ቃል አሽጎ አስቀመጠው።

ዮአብ ግን ሽማግሌ ፍለጋ ሊትል ኢትዮጵያ ሄደ። ፓርኪንግ እስኪያገኝ የሰፈሩን ጎዳና፣ ፌርፋክስን፣ ሦስት ጊዜ ዞረ። መጨረሻ ላይ እትዬ ወርቅውሃ ሱቅ ገባ።

እትዬ ወርቅውሃ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላና ክር ትሸጣለች። ማን ማንን እንደሚያገባ ግን በነጻ ነው የምትናገረው። በሱቁ በር አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ጋሽ ተክለብርሃን ተቀምጧል፤ የታክሲ ሾፌር ነበር፣ አሁን ሥራው እዚያ መቀመጥ ነው። ከጋሽ ጳውሎስ ጋር ዳማ ይጫወታል፤ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። በከተማው ውስጥ ከተካሄደ ሽምግልና ውስጥ እሱ ያልቆመበት ጥቂት ነው። ጥቁር ሱፉ ከላውንደሪ ወጥቶ በፕላስቲክ እንደ ተሸፈነ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው።

ዮአብ ጉዳዩን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

"በጀልባ?" አለ ጋሽ ተክለብርሃን። "እኔ የአፓርታማችን ገንዳ ውስጥ እንኳ እግሬን አስገብቼ አላውቅም።"

"ሪኳየርመንቱ ነው ጋሼ።"

"ሲቀልድብህ ነው የኔ ልጅ" አለች እትዬ ወርቅውሃ፣ በርበሬ እየመዘነች። ከዚያ ማንኪያው በአየር ላይ ቀረ። ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ የተነሣውን ፈገግታ ጋሽ ተክለብርሃን አይቶ ወንበሩን ወደ በሩ አስጠጋ፤ ያንን ፈገግታ ያውቀዋል።

"ግን እኮ ቃሉን ሰጥቷል" አለች። "በጀልባ ከመጡ እሰማቸዋለሁ ብሏል። ቀልዶ ከሆነ ቀልዱን እናድርስለት። እስቲ ጀልባ ያለው ማነው? ሁዘይፋ!"

ሁዘይፋ ከጎን ሱቅ ስልክ ይጠግናል፤ ዓሣ የሚያጠምድበት የሞተር ጀልባ አለው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ሽማግሌ ትሆናለህ?" አለችው።

"እኔ ገና ሃምሳ አልሞላኝም እትዬ።"

"ጢምህን አትላጭ።"

"ሦስተኛውስ?" አለ ዮአብ።

"እኔ ነኛ።"

ጋሽ ተክለብርሃን ጉሮሮውን ጠረገ። "ሴት ሽማግሌ አላየሁም።"

"ቅዳሜ ሥራ የማይገባ ሌላ ወንድ ካወቅህ አምጣ።"

ጋሽ ተክለብርሃን በመስታወቱ ወደ ፌርፋክስ ተመለከተ። አሰበ። አንዱ ቅዳሜ ኡበር ይነዳል፣ አንዱ ሆስፒታል ነው፣ አንዱ ፓርኪንግ ይጠብቃል፤ አንዱ ሥራ የለውም፣ ግን ስልክ አያነሣም።

"መልካም" አለ። "አንቺ በቀኜ ትቆሚያለሽ።"

በዓመት አንድ ጊዜ ማኅበሩ "የመውረጃ ቀን" የሚባል፣ ካፒቴኑ ከመርከብ የወረደበትን በዓል ያከብራል፤ ያ ቅዳሜ ዕለቱ ነበር። ድሮ የካፒቴን ልብስ የለበሰ አንድ የጥርስ ሐኪም በጀልባ ይመጣና ባንዲራ ይተክል ነበር። ዘንድሮ የማኅበሩ ጀልባ ስለ ተሰነጠቀ ንግግር ብቻ እንደሚኖር ተነገረ። ወንበሮች ተደረደሩ፤ የሎሚ ጭማቂና ኩኪስ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። ማይኩን የያዘው ጋሽ ጳውሎስ ነበር። ዶርቃ ከኋላ ረድፍ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ጭጋጉ ገና መነሣቱ ነበር። ጋሽ ጳውሎስ "ጥፋቱ አመጣጡ ነው" የሚለው ላይ ሲደርስ ሰዎቹ ከእሱ አልፈው ማየት ጀመሩ። ዞረ። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ወዲያ አንዲት ነጭ የሞተር ጀልባ ቆማለች። ከእሷ ላይ የወረደች ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ወደ ዳርቻው ትመጣለች።

ጋሽ ጳውሎስ ዓይኑ ሩቅ ያያል። መጀመሪያ ያየው ጥቁር ሱፍ ነው። በሱፉ ላይ ብርቱካንማ የነፍስ አድን ሰደርያ፣ በሰደርያው ላይ ነጭ ጋቢ። ቀጥሎ የሐበሻ ቀሚስና ጃንጥላ አየ። ቀዛፊው ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ሰው ነው። ከጀልባዋ ኋላ አንድ ረዘም ያለ ነገር በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነጭ ፀጉሯን እስከ ወገቧ የለቀቀች ሴት ናት። እየሮጠች መጣች። "ጳውሎስ፣ ይሄን አንተ ነህ ያዘጋጀኸው?" አለችው በእንግሊዝኛ።

አይደለሁም ቢል እነማን እንደ ሆኑ መናገር አለበት። እነማን እንደ ሆኑ ከተናገረ ለምን እንደ መጡ መናገር አለበት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ማይክ ይዞ።

"አዎ" አላት። "ሰርፕራይዝ ነው።"

ጀልባዋ አሸዋውን ነካች። ሦስቱ ወረዱ፤ አንድ ማዕበል መጥቶ እስከ ጉልበታቸው አጠባቸው። ጋሽ ተክለብርሃን አስቀድሞ ጫማውን አውልቆ፣ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ይዞታል። ፊቱ የአመድ ቀለም አለው። ወደ ደረቁ አልወጡም። ተርታ ሆነው፣ ውሃው ውስጥ ቆሙ።

ጋሽ ጳውሎስ ማይኩን ደረቱ ላይ ደብቆ ተጠጋቸው።

"ተክሌ፣ አብደሃል? ውጣ ከዚህ ውሃ!"

"'ግቡ' ሳንባል አንገባም" አለ ጋሽ ተክለብርሃን፣ በሽምግልና ድምፁ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንደዚህ የሚያወራኝ ብሎ ጋሽ ጳውሎስ ተገረመ።

"ግቡ!"

"ከየት እንደ መጣን ሳይጠይቁን፣ የቤቱ ጌታ?"

"ከፌርፋክስ ነዋ! ሰኞ ዕለት ዳማ አሸንፌህ!"

"እንደማያውቁን ሆነው ይጠይቁን እንጂ" አለች እትዬ ወርቅውሃ። "ሥርዓት ይኑርህ ጳውሎስ። ለፈረንጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስተምረው ይሄንኑ አይደለም እንዴ?"

"ምን እያሉ ነው?" አለች ሊቀ መንበሯ ከኋላ። ሕዝቡም ጆሮውን አቅንቷል።

ጋሽ ጳውሎስ ማይኩን አነሣ። በጥሩ እንግሊዝኛ፣ "የካፒቴኑ መልእክተኞች ናቸው፤ ከመውረዳቸው በፊት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ንጹሕ ውሃና ማገዶ ይፈልጋሉ" አለ።

ሰዎቹ በአድናቆት አጉረመረሙ። ከኋላ ረድፍ የላፕቶፕ ክዳን ሲዘጋ ተሰማ።

"ከየት ነው የመጣችሁ?" አለ ጋሽ ጳውሎስ ጥርሱን ነክሶ።

"ከፌርፋክስ ነው የመጣነው" አለ ጋሽ ተክለብርሃን። አሁን ውሃ ውስጥ መሆኑን ረስቷል። "በዚያ ሰፈር የምንወደው አንድ ልጅ አለን። ይህ ቤት የተከበረ ቤት መሆኑን፣ በውስጡም የተመረቀች ልጅ እንዳለች ሰምተን፣ ልጃችንን እንደ ልጅዎ እንዲቀበሉልን ልንለምን ነው የቆምነው።"

"የመርከቡ ዳቦ ሻግቶባቸዋል" አለ ጋሽ ጳውሎስ ለማይኩ።

"ልጁ ሥራ አለው" ቀጠለች እትዬ ወርቅውሃ። "ጤነኛ ነው፣ አይጠጣም። ሲዘምር ድምፁ ብዙም አያምርም፣ ግን በሰዓቱ ይገኛል። ሳህን ያጥባል፤ እኔ ምስክር ነኝ።"

"በመንገድ ላይ ብዙ ማዕበል አግኝቷቸዋል።"

"እኔ የምለው" አለ ሁዘይፋ፣ "መልሕቁ በደንብ አልያዘም መሰለኝ፣ ቶሎ ብንል።"

"ይሄኛው ደግሞ የአገራችሁ አየር ተስማምቶናል ይላል።"

ሌላ ማዕበል መጣ። ጀልባዋ ስትናጥ ሰማያዊው ሸራ ተንቀሳቀሰ፤ ከሸራው ሥር አንድ ስኒከር ወጣ። ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ሕፃን፣ "እማዬ፣ ሰው አለ!" ብላ ጮኸች።

ሕዝቡ ወደ ጋሽ ጳውሎስ ዞረ። ጋሽ ጳውሎስ ወደ እትዬ ወርቅውሃ ዞረ።

"ማነው እሱ?"

"ማን ይሆናል? ጀልባዋን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ሁዘይፋ ነው ያመጣው። ሙሽራ ሽምግልና ላይ አይገኝም አይደል? ተኛ፣ ተሸፈን፣ ጆሮህን ድፈን አልነው። የለም ማለት ነው።"

"የታመመ መርከበኛ ነው" አለ ጋሽ ጳውሎስ በማይኩ።

"ስከርቪ!" አለች ሊቀ መንበሯ በደስታ፤ ፍራፍሬ ያጡ መርከበኞችን የሚይዝ በሽታ ነው። "ሁሉን ነገር አስበሃል ጳውሎስ!"

አሁን ሦስቱ ሽማግሌዎች የሚሉትን ብለው መልስ ይጠብቃሉ። ጋሽ ጳውሎስ መውጫው ታየው፤ ይህን መውጫ ሥርዓቱ ራሱ ነው ያበጀለት። ትከሻውን አቀና።

"ሰምቻችኋለሁ" አለ በክብር። "ትልቅ ነገር ነው። ላስብበት። ከዘመድም ልማከር። ሌላ ቀን ተመለሱ።"

እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው መሄድ ነበረባቸው። አልሄዱም። ጋሽ ተክለብርሃን ወደ ኋላው፣ ወደ ጀልባዋ ተመለከተ። ከጀልባዋ ወዲያ ያለውን ባሕርም ተመለከተ። የሽምግልና ድምፁ ጠፋ።

"በዚች ጀልባ?"

"በመጣችሁበት።"

"ጳውሎስ፣ ስማኝ። እኔ እዚያ ላይ ተመልሼ አልወጣም። ቁርሴን አስመልሶኛል፤ የትናንት እራቴንም። መልስ ካልሰጠኸን እዚህ ቆሜ እሞታለሁ። ሐውልት እንደሁ አላችሁ፣ ስሜን ከሥሩ ጨምሩት።"

"እንግዲያው ውጡና በመኪና ሂዱ።"

"መልስ ሳናገኝ ምድር ላይ እንወጣለን? እንደ ካፒቴንህ?" አለች እትዬ ወርቅውሃ።

ጋሽ ጳውሎስ በገዛ ሥርዓቱ ተያዘ። በሥርዓቱ መሠረት ሊመልሳቸው ይገባል፤ እነሱ ደግሞ መመለሻ የላቸውም። በዚያው ሥርዓት መሠረት መልስ ሳያገኙ አይወጡም፤ ውሃው ደግሞ የሚቀልድ ውሃ አይደለም።

እትዬ ወርቅውሃ ጃንጥላዋን ዘጋች። ስትናገር ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ጉዳይህ ልጁ አይደለም አይደል?"

ጋሽ ጳውሎስ ማይኩን ወደ ታች አወረደ።

"ሱቄ እየመጣህ፣ 'ከፒኮ ሮበርትሰን ፑንታ ሴካ ስንት ማይል ይሆናል?' ትለኛለህ። በርበሬ ለምትሸጥ ሴት። እኔ ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው ስል ከረምኩ። ቅዳሜ ነው አይደል ያስጨነቀህ?"

"ምን እያለች ነው?" አለች ሊቀ መንበሯ።

ጋሽ ጳውሎስ ይህን አልተረጎመም።

"እሺ" አለች እትዬ ወርቅውሃ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ቫን ናይስ ድረስ መጥቶ ይወስድሃል፤ እዚህ ያመጣሃል፤ ይመልስሃል። ይሄው በሽማግሌ ፊት።"

"እሱ ነው ያለው?"

"እኛ ነን የምንለው። ሽማግሌ አይደለን?"

"ኦኬ!" አለ ሸራው።

ሁሉም ወደ ጀልባዋ ዞረ። እትዬ ወርቅውሃ በጃንጥላው ጫፍ ሸራውን ወጋች።

"ጆሮህን ድፈን አላልኩህም?"

"ጆሮዬ ላይ ያደረግኩት ኢርበድ ባትሪው አለቀ እትዬ። አይ አም ሶሪ። ግን ኦኬ ነው፤ ዊንተርም ቢሆን።"

በዚህ መሀል ዶርቃ ጫማዋን አውልቃ ደርሳለች። በመጀመሪያ ያየችው አባቷን አይደለም፤ በብርድ የጠቆረውን የጋሽ ተክለብርሃንን ከንፈር አየች። የራሷን ሹራብ አውልቃ ትከሻው ላይ ጣለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

"ቅዳሜ አላመጣህም ያለህ ማነው?"

"አንቺማ ምንም አላልሽም።"

"አልጠየቅከኝም እኮ አባዬ! እኔ እኮ ቅዳሜ እንደምመጣ ነው የማስበው። ሪፖርቴን የምጨርሰው እዚህ ነው። ሌላ ቦታ ሰው ዝም አያሰኝኝም።"

"ብጠይቅሽና እምቢ ብትይስ?"

ዶርቃ ቀና ብላ አየችው። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጁን ሲመረምር፣ ሥርዓቱን ሲመረምር፣ ካፒቴኑን ሲመረምር የቆየ ሰው አንዲት ጥያቄ ፈርቶ ነበር።

"በየተራ እናመጣሃለን" አለችው። "አሁን መልስ ስጣቸው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጋሽ ተክለብርሃን ታካሚዬ ይሆናሉ።"

ጋሽ ጳውሎስ ባርኔጣውን አወለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ባለቤት፣ ቀጥ ብሎ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ።

"ስለ ደጃችን ክብር ብላችሁ ይሄን ያህል ተንገላታችሁ። አላሳፍራችሁም። ልጃችሁ ልጄ ይሁን። ግቡ፣ አረፍ በሉ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልን!" አሉ ሁለቱ፤ ሁዘይፋ "አልሐምዱሊላህ!" አለና ጀልባዋን ለመሳብ ሮጠ።

ጋሽ ጳውሎስ ማይኩን አንሥቶ በእንግሊዝኛ፣ "ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል" አለ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሊቀ መንበሯ እንባዋን በፕሮግራሙ ወረቀት እየጠረገች፣ የጥርስ ሐኪሙ ካፒቴን በሆነበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ የመውረጃ ቀን አይተው እንደማያውቁ ተናገረች። ከሸራው ሥር ለወጣው ለዮአብ ሰዎች ብርቱካን ሰጡት፤ ለስከርቪው።

ጋሽ ተክለብርሃን የሎሚውን ጭማቂ ከኩኪሱ ጋር በጥቁር ሱፉ ጨዋነት ወሰደ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ያሰማው ድምፅ እስከ ድንጋዩ ይሰማ ነበር።

የቀረው የሁዘይፋ ጀልባ ነው። መልሕቁ እውነትም በደንብ አልያዘም፤ ነጯ ጀልባ ወደ ቋጥኙ ቀስ እያለች ትንሸራተት ነበር። ትንሿን ጀልባ ቀዝፎ ሁዘይፋን የሚያደርስ፣ ወደ ጀልባ ማቆሚያውም አብሮት የሚሄድ ያስፈልጋል። እትዬ ወርቅውሃ ባሕሩን አንዴ አየሁት፣ ይበቃኛል አለች። ጋሽ ተክለብርሃን ጥያቄውን እንዳልሰማ ሆነ። ሁለቱ በዶርቃ መኪና እንዲሄዱ ተወሰነ። ዮአብ መቅዘፊያውን ያዘ።

"ቆይ" አለ ጋሽ ጳውሎስ። የጋሽ ተክለብርሃንን ብርቱካንማ ሰደርያ ወስዶ በሰማያዊው ላይ ደረበው። "እኔም እሄዳለሁ።"

"አባዬ፣ አንተ ደግሞ ለምን?" አለች ዶርቃ።

"እንዴት እንደሚነዳ ልየው።"

ሁዘይፋ ከፊት፣ ዮአብ መሀል፣ ጋሽ ጳውሎስ ከኋላ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ማዕበል ሲያልፉ ሦስቱም ረጠቡ። ዮአብ እንደ ማንኛውም ቀዛፊ ጀርባውን ወደሚሄድበት አዙሮ፣ ፊቱን ወደ ጋሽ ጳውሎስ አድርጎ ይቀዝፋል።

"ወዴት እንደምትሄድ ሳታይ ነው እንዴ የምትነዳው?"

"ቀዘፋ እንዲህ ነው ጋሼ። እርስዎ እያዩ ይንገሩኝ።"

"ወደ ግራ። ግራ! በኔ ግራ። ቀስ በል፣ ምን አስቸኮለህ? ከፊታችን ወፍ አለ።"

"ይነሣል ጋሼ።"

"ባይነሣስ?"

ወፉ ተነሣ። ዳርቻው ላይ ሕዝቡ አሁንም ቆሞ እጁን ያውለበልባል፤ ዶርቃም ከመሀላቸው ነበረች። ዮአብ አያትና አንድ እጁን ከመቅዘፊያው አነሣ።

"ሁለቱም እጅ መሪው ላይ" አለው ጋሽ ጳውሎስ።